ሐሙስ ሐሙስ የሚሻክር ድምፅ

ጥያቄ፦

«እትዬ፣ ዕድሜዬ 33 ነው። ያደግሁት ሐይቅ አካባቢ ሲሆን አሁን የምኖረው ደሴ ነው። አዲስ አበባ ሙዚቃ ከተማርሁ በኋላ ሁለት ዓመት ውጭ አገር በኦፔራ አዘፋፈን ሠልጥኜ ተመልሻለሁ፤ ድምፄ ቀለል ያለ ሶፕራኖ፣ ማለትም ከፍተኛው የሴት ድምፅ ነው። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ድምፅ አስተምራለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በድምሩ 12 ሰዓት ክፍል አለኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የተማሪዎቹን ኳየር አሠለጥናለሁ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር እዘፍናለሁ። ዘንድሮ ጀርመን አገር ያለ አንድ አነስተኛ ቲያትር የቬርዲን ‹አይዳ› ኦፔራ በዋና ገጸ ባሕርይነት እንድዘፍን ጠይቆኛል። ስድስት ሳምንት ልምምድ፣ ሦስት ሳምንት ትርኢት ነው፤ ሁሉም የሚውለው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መካከል ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊዬ ‹ዘፋኝ ነሽ ወይስ መምህር? ቁረጪ› አሉኝ። አባቴ ደግሞ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ይሉኛል። ለነገሩ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ድምፄ ይሻክራል፤ እሑድ ሲደርስ ይመለሳል። የቱን ልተው? ማስተማሩን ወይስ መድረኩን?»

ሶፕራኖዋ፣ ከደሴ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ ጎልቶ የታየኝ የአለቃሽና የአባትሽ ቃል ነበር፤ በሁለተኛው ግን መጨረሻ ላይ «ለነገሩ» ብለሽ ጣል ያደረግሻት የሐሙስ ነገር ዓይኔን ያዘችው። አለቃሽም አባትሽም የሚናገሩት ስለ ጊዜ ነው፤ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ሊውል አይችልም ነው የሚሉት፣ እውነታቸውንም ነው። ጊዜ ግን ከባልደረባ የሚበደሩት፣ የሚለዋወጡት፣ ከአንዱ ሳምንት ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ነገር ነው። ሁለቱ ሥራዎችሽ ከጊዜ በፊት የሚሻሙት አንድ ጉሮሮ ነው፤ እሱን ደግሞ ዛሬ ተበድሮ በሚቀጥለው ወር መመለስ የለም። ስለዚህ የቱን ልተው ለሚለው ጥያቄሽ መልስ ከመስጠቴ በፊት በሳምንት ምን ያህል ድምፅ እንዳለሽና የት የት እንደምታወጪው እንደ ደመወዝ አብረን እንቁጠር።

የሴት የድምፅ አውታር ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ኦርኬስትራ የሚቃኝበትን «ላ» የሚባለውን ኖታ ስትዘፍኚ ሁለቱ ትንንሽ አውታሮች በሴኮንድ 440 ጊዜ ይጋጫሉ። በአንድ ሰዓት ትምህርት ውስጥ «እንዲህ ነው፣ ስሙኝ» እያልሽ በዚያ ከፍታ አካባቢ ሩብ ሰዓት ብታዜሚ ግጭቱ 396,000 ይደርሳል። በተራ ንግግር ደግሞ የሴት ድምፅ በሴኮንድ 200 ጊዜ ገደማ ስለሚርገበገብ፣ ግማሽ ሰዓት ስታብራሪ ሌላ 360,000 ትጨምሪበታለሽ። ይህን በ12 ብታባዢው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከዘጠኝ ሚሊዮን ያልፋል። የቅዳሜው ኳየር ገና አልገባም፤ የራስሽ ልምምድ፣ ከተማሪ ጋር በረንዳ ላይ የሚወራው፣ በስልክ የሚወራው አልገባም። ሐሙስ ላይ መሻከሩ እንግዲህ ምሥጢር የለውም፤ ወርኃዊ ደመወዙ በ20ኛው ቀን ያለቀበት ሰው የሚሆነውን ነው ድምፅሽ የሆነው። እሑድ ላይ መመለሱ ደግ ምልክት ነው፤ የአውታሮቹ እብጠት በዕረፍት የሚወርድ ዓይነት መሆኑን ይጠቁማል። እሑድ መመለሱን ካቆመ፣ ወይም መሻከሩ ሳይለቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ከዘለቀ ግን ጉዳዩ ከእኔ ዓምድ አልፎ የአንገት በላይ ሐኪም ጉዳይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በማር፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ጊዜ አታጥፊ።

ይህን ያህል የምደፍረው ራሴም ስለደረሰብኝ ነው። በወጣትነቴ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ስሙ ይቅርና፣ ቀን ቀን እያስተማርሁ ማታ ማታ ለኮንሰርት እዘጋጅ ነበር። ጎበዝ መምህር ማለት ሁሉን ነገር በራሱ ድምፅ የሚያሳይ ይመስለኝ ስለነበር የወንዶቹን ድምፅ፣ ባሱንም ቴኖሩንም፣ እኔው እዘፍንላቸዋለሁ። ኮንሰርቱ ዓርብ ማታ ነበር። ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ ስመኛት የከረምሁት ከፍተኛ ኖታ ላይ ስደርስ ከአፌ የወጣው ድምፅ አልነበረም፤ ትኩስ ብርጭቆ ላይ እፍ እንደሚባለው ያለ ባዶ ትንፋሽ ነው። ፒያኖ የሚመታልኝ ሰው ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት ዛሬም አይረሳኝም። ሐኪሙ በመስታወት አየኝና የሁለቱም አውታሮች ጠርዝ ማበጡን ነግሮኝ ሁለት ሳምንት ዝም እንድል አዘዘ። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ አልሰጥም ስላለኝ ጠመኔና ደብተር ይዤ ክፍል ገባሁ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ተማሪ ነበረኝ፤ ከፍ ያለ ኖታ ላይ በደረሰ ቁጥር መንጋጋው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ዓመቱን ሙሉ «መንጋጋህን ልቀቅ» ስለው ከርሜአለሁ። አፌ ሲዘጋ ጊዜ ዓይኔ ተከፈተና አንድ ቀን እሱ እየዘፈነ ከኋላው ያለውን የመስኮት መስታወት አየሁ፤ ሳላስበው አብሬው አፌን ከፍቼ ኖሮ የእኔም መንጋጋ ወደ ቀኝ ዞሯል። ለካስ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሲኮርጅ የኖረው የእኔን ጉድለት ነው! በደብተሬ ላይ «ዓይንህን ጨፍን፣ ቀስ ብለህ፣ እኔን አትይ» ብዬ ጽፌ አሳየሁት። በሦስተኛው ቀን መንጋጋው ቀጥ አለ። እኔ አንዲት ኖታ እንኳ አልዘፈንሁለትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ማስተማሩን እንድትተዪ ሳይሆን አሳይተሽ መዝፈኑን እንድትቀንሺ ነው። ድምፅ ማስተማር በዋናነት በጆሮ የሚሠራ ሥራ ነው። አንድን ሐረግ በራስሽ ድምፅ ከማሳየትሽ በፊት ተማሪው ራሱ ሦስት ጊዜ ይሞክረው፤ ፒያኖው ዜማውን ይንገረው፤ ካልሆነም ከፍ ካለው ክፍል አንድ ተማሪ ጠርተሽ እሱ ያሳየው፣ ለእሱም ልምድ ነው። ማሟሟቂያውን በስትሮ አድርጊው፤ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነክሮ፣ ውሃው እየተንተከተከ ስኬሉን፣ ማለትም የኖታዎቹን ደረጃ፣ መውጣትና መውረድ ለተማሪውም ለአንቺም ድምፅ የሚያወጣበት ሳይሆን የሚያሳርፍበት ልምምድ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ መፍጠሩም አይከፋም።

እዚህ ላይ የወሎ መምህር መሆንሽ ሌላው የማያገኘው ሀብት ይሰጥሻል። ተማሪዎችሽ የኢጣልያን አርያ፣ ማለትም በኦፔራ ውስጥ አንድ ዘፋኝ ለብቻው የሚዘፍነውን ዜማ፣ ሰምተው ስላላደጉ፣ አርያ በሰጠሻቸው ቁጥር አርአያው ከአንቺ ጉሮሮ ብቻ ይወጣል። አምባሰልን ግን ማን ያሳያቸዋል? የማሪቱ ለገሰን አምባሰል በልጅነቱ ያልሰማ የወሎ ልጅ የት ይገኛል? ባቲም፣ አንቺሆዬም፣ ትዝታም ከሰርግ ቤትና ከቡና ሥር ጀምሮ በጆሯቸው ውስጥ አሉ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችሽን የትንፋሽ፣ የአናባቢና የሐረግ ትምህርት በሚያውቁት ቅኝት ብታስጀምሪያቸው አርአያው ጆሯቸው ውስጥ ስላለ የአንቺ ሥራ ማረም ብቻ ይሆናል። መንዙማ ሲያወርድ ለነጋለት ልጅ ስለ ትንፋሽ አያያዝ አንድ ሰዓት ከመተንተን «አዝማቹ ላይ ትንፋሽህን እንዴት ነበር የምትይዘው?» ብለሽ ብትጠይቂው በራሱ አካል መልሱን ያገኘዋል። አርያው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ይህን የምለው ለባህል ተቆርቋሪ ለመምሰል አይደለም፤ ሐሙስሽን ለማዳን ነው።

የቅዳሜው ኳየር ግን ከሁሉ የከፋ ወጪሽ ሳይሆን አይቀርም። የተማሪ ጫጫታ ላይ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ከመዝፈን ይልቅ ይጎዳል፤ የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ በትልቅ አዳራሽ የሚሰማበት ዘዴ በጩኸት ላይ የቆመ አይደለምና። እንዲህ ያለ ድምፅ በሴኮንድ 3,000 ርግብግቢት አካባቢ ያለውን ክፍሉን ያጎላል፤ በዚያ አካባቢ የኦርኬስትራው ጉልበት ዝቅ ስለሚል ድምፁ ያለ ማይክራፎን መሀሉን ሰንጥቆ ያልፋል። «ልጆች፣ ጸጥ በሉ!» ስትይ ግን ይህ ዘዴ አብሮሽ የለም፤ ያለው ባዶ ጉሮሮ ነው። ቃጭል ግዢ፣ አጨብጭቢ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ማይክራፎን ካገኘሽም ሳታፍሪ ተጠቀሚበት፤ መድረክ ላይ ያለ ማይክራፎን መዝፈን ክብር ነው፣ ክፍል ውስጥ ያለ ማይክራፎን መጮኽ ግን ክብር የለውም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ አትፎካከሪው፤ ጠመኔ አንሺ። የሐሙስ ማታውን ቡናም በሚመለከት አንድ ነገር ልበል፤ ከአቦል እስከ በረካ መቀመጡ የወሎ ወግ ነውና አልከለክልሽም፣ ነገር ግን ከዕጣኑ ራቅ በይ፣ ወሬውንም ለጎረቤቶችሽ ተዪላቸው፤ እነሱ ሲያወሩ መስማት አንቺን አያከስርሽም።

አሁን ወደ «አይዳ» ልምጣ። እዚህ ላይ ምናልባት ታዝኚብኝ ይሆናል፤ እኔ ብሆን ይህን ግብዣ አልቀበለውም፤ አልቀበልም የምለው ግን በዩኒቨርሲቲው ምክንያት አይደለም።

ግብዣው እንዴት እንደመጣ መገመት አያዳግተኝም። አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ኢትዮጵያዊት ሶፕራኖ ሲያገኙ «እውነተኛዋ አይዳ» ብሎ ማስታወቂያ ላይ ለመጻፍ የማይጓጓ ቲያትር የለም። ኦፔራው በግብፅ ገዥ በኬዲቭ ኢስማኤል ትእዛዝ ተደርሶ መጀመሪያ የታየው በካይሮ እ.ኤ.አ. በ1871 ነው፤ መድረኩ ላይ ግብፃውያን ኢትዮጵያውያንን ድል አድርገው፣ ምርኮኞቻቸውን እየነዱ፣ በመለከት ታጅበው ይገባሉ። አራት ዓመት ሳይቆይ የዚያው የኢስማኤል ጦር ጉንደት ላይ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ጉራ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ገጥሞ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ታሪኩ ከኦፔራው ተገላቢጦሽ ሆነ። እንግዲህ አይዳ ለእኛ ልብ ቅርብ የምትሆንበት ምክንያት ብዙ ነው። የድምፅ ክብደት ግን በፓስፖርት አይለካም። ቬርዲ ያን ገጸ ባሕርይ የጻፈው በሁለተኛው ገቢር ማብቂያ ከሙሉ ኦርኬስትራ፣ ከኳየርና ከመለከት በላይ ሊሰማ ለሚችል ጠንከር ያለ ሶፕራኖ ነው። ይህን ሁሉ ካለፈች በኋላ በሦስተኛው ገቢር፣ በዓባይ ዳር፣ አገሯን እያሰበች የምትዘፍነው አርያ አለ፤ እዚያ ላይ ወደ ላይኛው «ዶ» በጩኸት ሳይሆን በለስላሳ ድምፅ መውጣት አለባት። ከባድ ድምፅ ያላቸው እንኳ የሚፈሯት ቦታ ናት። «ቀለል ያለ ሶፕራኖ ነው» ያልሽው አንቺ ራስሽ ነሽ። ቀለል ያለ ድምፅ ያን ክብደት የሚሸከመው በመግፋት ነው፤ ስድስት ሳምንት በየቀኑ ሲገፋ የከረመ ድምፅ ደግሞ ደሴ ሲመለስ ሐሙስን አይጠብቅም፤ ሰኞ ጠዋት ነው የሚሻክረው። ያን ጊዜ የምትተዪው አንዱን ሳይሆን ሁለቱንም ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

በሩን ግን አትዝጊው። «ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ፣ አይዳ አሁን ለድምፄ ገና ናት» ብለሽ ጽፈሽ፣ አያይዘሽ የምትችያቸውን የኦፔራ ገጸ ባሕርያት ዘርዝሪላቸው፤ ከሞዛርት «አስማታዊው ዋሽንት» ፓሚናን፣ ከ«ካርመን» ሚካኤላን፣ ከ«ቱራንዶት» ሊዩን ልትጠቅሺ ትችያለሽ። በዚያው በ«አይዳ» ውስጥም ከመድረክ ጀርባ የምትዘፍን የሴት ካህን አለች፤ አጭር ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ለአንቺ ዓይነት ድምፅም ትመቻለች። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልስጥሽ፤ ካህኗን ስጡኝ ስትያቸው «እሺ፣ ለአይዳም ተጠባባቂ ሁኚ» ሊሉሽ ይችላሉ። ያን ምሽት ተነሥተሽ ልትዘፍኚው ለማትችዪው ገጸ ባሕርይ ተጠባባቂ አትሁኚ፤ ተጠባባቂ የሚጠራው ማንም ባልተዘጋጀበት ቀን ነው።

ስለ ጊዜው ጉዳይ ደግሞ ብዙ የማይታሰብ አንድ መልካም ግጥምጥሞሽ አለ። በአውሮፓ የኦፔራ ፌስቲቫሎች በብዛት የሚካሄዱት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የቬሮናው፣ የዛልትስቡርጉ፣ የባይሮይቱ ሁሉ በዚያ ወቅት ነው። እነሱ በጋ ሲሉት እኛ ክረምት የምንለው፣ መደበኛ ተማሪ የሌለበት ጊዜ ማለት ነው። ዋና ዋናዎቹ ለአሁኑ ይራቁሽ ይሆናል፤ በየትናንሽ ከተማው ግን በዚያው ወቅት የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ዘፋኝ የሚመርጡበት ፈተና የሚሰጠው ወራት ቀደም ብሎ ስለሆነ ማመልከቻሽ ከመስከረም ጀምሮ መውጣት አለበት። ይህን ካሰብሽበት የክረምት ፕሮግራም ተማሪዎችን ለተጨማሪ ክፍያ ማስተማርን መተው ይኖርብሻል፤ ገንዘቡ ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አሁን ያለሽበትን ጭንቅ የሚፈታው ከየትኛውም ድርድር ይልቅ ይህ የወቅቶች ግጥምጥሞሽ ነው።

አልፎ አልፎ በትምህርት ወቅት መሄድ ግድ ሲሆን ከአለቃሽ ጋር የምትነጋገሪበት መንገድም መለወጥ አለበት። «ዘፋኝ ነሽ ወይስ መምህር?» ለሚለው ጥያቄ በቃል አትመልሺ፤ የምትመልሺው በደብዳቤ ነው፣ ደብዳቤውም መንፈቅ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ክፍል ከመደልደሉ በፊት መድረስ አለበት። ከተደለደለ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ጥያቄ ሳይሆን ችግር ሆኖ ነው የሚታያቸው፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እንዲያው ነበር የማየው። ደብዳቤው ውስጥ «እባክዎ ፍቀዱልኝ» ብቻ አይኑር። ከመሄድሽ በፊት ስንት ሳምንት እጥፍ አድርገሽ እንደምታስተምሪ፣ የትኛውን ኮርስ የትኛው ባልደረባሽ ተስማምቶ እንደሚይዝልሽ፣ አንቺም በተራሽ የእሱን ምን እንደምትይዢለት፣ የተማሪዎቹ የመድረክ ፈተና በየትኛው ሳምንት እንደሚሆን በቀን በቀኑ አስቀምጪ። ሦስት ሳምንት የሆነን ነገር በዚህ መንገድ ማስኬድ ይቻላል። ዘጠኝ ሳምንት ግን አይቻልም፤ በእውነቱ በዚህ ላይ አለቃሽ ተሳስተዋል ማለት አልችልም። ድምፅ ተማሪ በሳምንት አንዴ የሚሰማው ጆሮ ካላገኘ ስህተቱን በየቀኑ እየተለማመደ ያጸናዋል፤ ዘጠኝ ሳምንት የጸና ስህተት ለመፍታት ዓመት ይፈጃል።

በሌለሽባቸው ሳምንታት በቪዲዮ አስተምራለሁ ካልሽም አንድ ነገር ልብ በይ። የኔትወርኩ መዘግየት አንቺ ጀርመን ሆነሽ ፒያኖ ስትመቺ ደሴ ያለው ልጅ አብሮሽ እንዲዘፍን አይፈቅድም፤ ሁለታችሁም ትበሳጫላችሁ፣ አንቺም ሳታውቂው ስልኩ ላይ ትጮኺያለሽ። ይልቅ የፒያኖውን አጃቢ ቀድመሽ ቅጂና በቴሌግራም ላኪላቸው፤ እነሱ በእሱ ላይ ዘፍነው ቀድተው ይላኩልሽ፤ አንቺ ደግሞ በጽሑፍ መልሺ። በድምፅ መልእክት ሳይሆን በጽሑፍ! ድምፅሽ በዚያ ሳምንት የመድረኩ ነው።

ስለ ውል አጭር ነገር ልበልና ልለፍ፤ በዚህ ላይ ጠበቃ ከእኔ ይሻላል። በኮንትራት የሚዘፍን ሰው ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በትርኢት ልክ ነው፤ ታምመሽ ካልዘፈንሽ ያን ምሽት አይከፈልሽም። ስለዚህ የልምምዱ ሳምንታት ይከፈሉ አይከፈሉ፣ መኝታና ጉዞ የማን እንደሆነ፣ ትርኢት ቢሰረዝ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ሳይኖር ትኬት አትቁረጪ። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ለሥራ የሚኬድ ሲሆን ግን ተራው የጉብኝት ቪዛ ላይበቃ ስለሚችል ቲያትሩ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያወጣልሽ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። ለአሻራም ሆነ ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር መውረድሽ አይቀርም፤ እሱን ጉዞ ከክፍል ቀን ጋር አታጋጪው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የደሴ ከፍታ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትኖሪ የምትስቢው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጦሳ ሥር ስትለማመጂ ረጅም ሐረግ መሀል ላይ ትንፋሽ ቢያጥርሽ ችሎታዬ ወርዷል ብለሽ አትደንግጪ፤ ዝቅ ወዳለ አገር ስትሄጂ ያችው ሐረግ ትንፋሽ ተርፏት ታልቃለች። የሚያሠጋሽ መንገዱ ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ በደረስሽ ማግሥት ሙሉ ድምፅ ይዘሽ ልምምድ አትግቢ። «ዛሬ በግማሽ ድምፅ ነው የምሠራው» ማለት በየኦፔራ ቤቱ የተለመደ ነውና ማንም አያስቀይመውም።

አባትሽን በተመለከተ፣ ምሳሌያቸው እውነት ነው፤ እኔ ግን ማስተማርና መዝፈን ሁለት ዛፍ መሆናቸውን እጠራጠራለሁ። ማኑኤል ጋርሲያ የሚባል ሰው ነበር፤ በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1825፣ ከቤተሰቡ ጋር ኒው ዮርክ ሄዶ የኢጣልያ ኦፔራ ዘፍኗል፤ ብዙ ሳይቆይ ግን መድረኩን ትቶ ወደ ማስተማር ዞረ። ጄኒ ሊንድ፣ በኋላ ዓለም ያጨበጨበላት ስዊድናዊት ሶፕራኖ፣ ድምፅዋ ዝሎ እ.ኤ.አ. በ1841 ፓሪስ ድረስ ስትመጣበት መጀመሪያ የሰጣት ትምህርት ለሳምንታት እንዳትዘፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ደግሞ የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበት ዓይነት ትንሽ መስታወት ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቀ የራሱን አውታሮች ሲርገበገቡ አየ። ዛሬ የአንገት በላይ ሐኪም ጉሮሮሽን የሚያይበት ዘዴ ከዚያ የመምህር ጉጉት የተወለደ ነው። ይህን ታሪክ ለአባትሽ አጫውቻቸው፤ 101 ዓመት ኖሮ መሞቱን ከነገርሻቸው ደግሞ ሳይመርቁት አይቀሩም።

እስከዚያው ከነገ ጠዋት ጀምሮ የምትሠሪው አንድ ትንሽ ነገር አለ። ከአልጋሽ ተነሥተሽ ውሃ ከጠጣሽ በኋላ፣ ገና ማንንም ሳታናግሪ፣ ሕፃን ሲያስተኙ የሚዘፈን አንድ አጭር እሹሩሩ በቀጭኑ የድምፅሽ ከፍታ ላይ፣ ጎረቤት እንዳይሰማሽ ያህል በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ዝፈኚ። ጮክ ብሎ መዝፈን እብጠትን ይደብቃል፤ በቀጭኑና በዝግታው ግን አይደበቅም። ድምፅሽ ወዲያው ከተነሣ ደብተርሽ ላይ «ደህና» ብለሽ ጻፊ፤ ትንፋሽ ቀድሞ ድምፅ ዘግይቶ ከመጣ «ዘግይቷል» በዪ፤ ያን ቀን ክፍል ውስጥ አትዝፈኚ። አራት ሳምንት እንዲህ ከጻፍሽ በኋላ፣ አሳይቶ መዝፈኑን ቀንሰሽም ሐሙስ ላይ «ዘግይቷል» የሚለው ቃል ካልጠፋ፣ ደብተሩን ይዘሽ ሐኪሙ ዘንድ ግቢ። ከጠፋ ደግሞ ለዚያ ቲያትር ስለ ፓሚና የምትጽፊውን ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ላኪው።